ሚስቴን መዘንሁ፣ ልጄን ረሳሁ

የመጀመሪያው ምልክት ዝምታ ነበር። አራት ወር ያለፋት ልጄ ትርንጎ ማልቀስ አቆመች።

እኔ ደስ አለኝ። የሌላው ሰው ልጅ ጎረቤት እስኪሰማ ሲጮኽ የእኔይቱ ጸጥ ብላ ጣራ ታያለች። «ጨዋ ልጅ ወለድሁ፤ ባባቷ ወጣች» እያልሁ ሥራ ቦታ አወራሁ። ጊዜው ደርግ ነው፤ ዝም ያለ ሁሉ የሚመሰገንበት ዘመን ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። የጠረጠሩት አማቴ፣ እማማ ደብሬ ብቻ ናቸው።

«ሕፃን እንደ ባሕታዊ ዝም ካለ ደግ አይደለም» አሉ።

«እርስዎ ካልተጮኸ የተኖረ አይመስልዎትም» ብዬ መለስሁላቸው። ያን ጊዜ ምላሴ ከአእምሮዬ ቀድሞ ነበር የሚነሣው። አሁንም ቢሆን አእምሮዬ አልደረሰበትም።

ይህን የምጽፈው ወልዳ ለምታጠባ፣ ገላዋ እንደ ዱሮው አልመለስ ብሏት መስተዋት ለምትሸሽ ሴት ነው። ከእሷ ይልቅ ግን አጠገቧ ቆሞ ለሚቀልደው ባሏ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥጥ መዛኝ ነበርሁ። ቀን ከሌት ሚዛን ሥር የምውል ሰው ልጄ ስትደርቅ አላየሁም። ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ ይህን እያሰባችሁ ስሙኝ።

ሚስቴ የሻረግ እዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። ስትወልድ እናቷ ከጣና ማዶ፣ ከቁንዝላ በጀልባ ቅቤና ማር ጭነው መጡ። የመሪጌታ ሚስት ናቸውና ሥርዓት ያውቃሉ፤ ሴት ልጅ ክርስትና እስክትነሣ፣ ሰማንያ ቀን ሙሉ፣ አራሷን ከገንፎው ከአጥሚቱ አላስጓደሉም። የሻረግ ፊቷ ቦግ አለ፤ ልጅቷም እንደ ዱባ ተድበለበለች። ቤታችን አምሮበት ነበር። ልቆም የሚገባኝ እዚያ ላይ ነበር።

የወሊድ ፈቃዷና የዓመት ዕረፍቷ ተከታትለው አልቀው ሥራ የገባች ቀን፣ በመጋዘናችን በር ስታልፍ ጠራኋት።

«እመቤቴ! እስቲ ሚዛኑ ላይ ውጪ!»

«ተው፣ ሰው ያየናል።»

«ሰው ካላየው ምኑን ተመዘነ?»

እየሳቀች ወጣች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስትወጣ እየሳቀች ነበር። እኔ በሚዛኑ ዘንግ ላይ ያለውን ብረት ገፋ ገፋ አድርጌ፣ ጥጥ ለሚያራግፉት ወዛደሮች ሁሉ እንዲሰማ ጮኽሁ፤ «ሰባ ስምንት ኪሎ! አንደኛ ደረጃ ጥጥ፣ ፍሬው ያልተለቀመለት!»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ «መዛኝ፣ ከነጆንያዋ ነው እንዴ የመዘንሃት?» አለ። የሻረግ ወረደች። አልሰደበችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ጎጃሜ ሴት ቀልደህባት ካልሰደበችህ ቤትህ እየተቃጠለ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት ተወች። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ። ምሳ እፍኝ የማትሞላ ጉርሻ። ማታ «በልቻለሁ»። ቀበሌ ደግሞ የብዙኃን ስፖርት የሚባል ነበረው፤ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ የሚዘለውን እሷ ወድዳ ትዘል ጀመር፤ ሌላው ሲበተን እሷ ሜዳውን ትዞራለች። በየቅዳሜው መጋዘን ትመጣና ሳትናገር ሚዛኑ ላይ ትወጣለች።

«ስንት?»

«ሰባ አራት። ጎበዝ!»

«ገና ነው።»

እኔ የታረቅን መስሎኝ ነበር። ሰባ አንድ ስትደርስ ለወዛደሮቹ ሻይ ጋበዝሁ። ምሳ ሰዓት ቤት ደርሳ ታጠባለች፤ ልጅቷ ጥቂት ትስብና እንቅልፍ ይወስዳታል። ጠግባ ነው እንል ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቆመ። አልወርድም አለ። የሻረግ የዚያን ዕለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ኮሶ አምጣልኝ፤ ሆዴ ይጠረግ» አለችኝ። «ለእማዬ ግን እንዳትነግር።»

ኮሶ በእኛ አገር ሆድ ጠራጊ ነው። ሰው በየሁለት ወሩ ጠጥቶ ደጁን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ እንኳ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ በመጣበት ይመለሳል። የምታጠባ ሴት ግን አትጠጣም። ይህን ሕግ ገና ጥርሴን ሳልነቅል አውቀዋለሁ። አውቄ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ገዛሁ። እማማ ደብሬ «ለማን ነው?» ቢሉኝ «ለእኔ» አልሁ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ጠዋት በጥብጬ ሰጠኋት። ዋንጫውን የያዝሁት እኔ ነኝ። «ዋጥ አድርጊው፤ አይዞሽ» ያልሁትም እኔው ነኝ።

ቀኑን ሙሉ አስቀመጣት። ከአራት ቀን በኋላ ደገመች። ሁለተኛውንም የበጠበጥሁት እኔ ነኝ።

ጡቷ ሟሸሸ።

ቤታችን የጦር ሜዳ ሆነ። እማማ ደብሬ «ዓይን ነው! ያን ሁሉ ጥጥ ጫኝ ለክርስትና ጠርተህ ልጅቷን አስበላሃት» ይላሉ። እኔ «የእርስዎ የአብሽ ውኃ ነው ሆዷን የዘጋት» እላለሁ። እሳቸው ጠበል እንውሰዳት ይላሉ፤ እኔ ጉንፋን ነው እላለሁ። ስለ ኮሶው ትንፍሽ አላልሁም። እንደ አውራ ዶሮ ስንናቆር ልጅቷ በመካከላችን ተኝታ ትደርቅ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ እማማ ደብሬ መጋዘን ገቡ። ትርንጎን አዝለዋል። ዘበኛው ከኋላቸው እየሮጠ ነው።

«መዛኝ!» አሉ። በስሜ እንጂ በሥራዬ ጠርተውኝ አያውቁም። «ይችንም መዝናት።»

ልጅቷን ከጨርቋ አውጥተው ሚዛኑ ላይ አስተኟት። ቀዝቃዛ ነው። አላለቀሰችም። ብረቱን ገፋሁ። ዘንጉ አልተነሣም። ወደ ኋላ መለስሁት። አልተነሣም። ዜሮው ጫፍ ላይ አደረግሁት። ንቅንቅ አላለም። ማንም አልሳቀም።

«ይኸ ሚዛን... ለትንሽ ነገር አይታዘዝም፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። የሚያውቀው የልጄን ዳሌ ነው።»

አንዱ ሮጦ የሻረግን ጠራት። መጣች። ልጇን ሚዛኑ ላይ አየች። ልታነሣት ጎንበስ አለች። ቀና አላለችም። እዚያው ወደቀች።

ሁለቱንም በጥጥ መኪና ወሰድናቸው። ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ቆፍጠን ያለች ሲስተር ትርንጎን ተቀበለችኝ። በተንጠለጠለ የሕፃናት ሚዛን መዘነቻት። የክትባት ካርዷን አየች። ደግማ መዘነቻት። የሕፃኗን አናት፣ እርግብግቢቷን፣ በጣቷ ዳሰሰች፤ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል።

«ሽንቷ ስንቴ ነው በቀን?»

አላውቅም።

«ታለቅሳለች?»

«የለም፤ በጣም ጨዋ ናት» አልሁ።

«ጨዋ አይደለችም» አለች ሲስተር። «ለማልቀስ አቅም አጥታ ነው። ከክርስትናዋ በፊት ከነበራት ኪሎ ቀንሳለች።»

ሐኪሙ ወጣት ነበር። የሻረግ ክንድ ላይ ግሉኮስ ሰክቶ ወደ እኛ ዞረ። «እናትየዋ ምን ወስዳለች?» አለ። እማማ ደብሬ አዩኝ።

«ኮሶ» አልሁ።

«ማን ሰጣት?»

«እኔ።»

እማማ ደብሬ አልጮኹም። አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። ከዚያ ቀን በኋላ «አንተ» ብለውኝ አያውቁም፤ «እርስዎ» ሆንሁ። በሰው ፊት አክብሮት ይመስላል። ትርጉሙን እኔና እሳቸው ብቻ እናውቀዋለን።

ሐኪሙ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ አስረዳን። ማልኑትሪሽን ይሉታል፣ የምግብ እጥረት ነው፤ በላዩ ላይ ዲሃይድሬሽን፣ ውኃ ከሰውነት ማለቅ። «ሴትዮዋ ሳትበላ ስትሮጥ ኖራለች፤ የቀራትን ውኃ ደግሞ ኮሶው ጨረሰባት። ኮሶው ከወተቱ ጋራ ወደ ሕፃኗ ምን ያህል እንደሚሄድ እኔም አላውቅም፤ አለማወቄ ነው የሚያስፈራኝ» አለ። ከዚያ «እስከ ነገ እንያት» ብሎ ሄደ። ስለየትኛዋ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የሻረግ ስትነቃ መጀመሪያ ልጇን ፈለገች። አጠገቧ አስተኙላት። ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

«ያን ቀን የሳቅኸው ሳቅ፣» አለች ከንፈሯ እየተጣበቀ፣ «ስንት ኪሎ መጣ?»

 

ደግነቱ ሲስተር ለመልስ ጊዜ አልሰጠችኝም። የቆርቆሮ ወተት ልግዛ ብላት «ጡቱን ጨርሶ ልታደርቀው ነው? ወተት የሚጠራው ሲጠባ ነው» ብላ ገሠጸችኝና ሥራ ሰጠችኝ፤ በየሁለት ሰዓቱ ልጅቷን ቀስቅሼ፣ እግሯን ኮርኩሬ ለእናቷ ማቀበል፣ አቅም አጥታ የተወችውን ወተት የሻረግ በእጇ አልባ በንጹሕ ኩባያ ስትሰጠኝ በማንኪያ ጠብ ጠብ ማድረግ፣ በመካከሉም እናትየዋን መመገብ። ምግቡን እማማ ደብሬ አያበስሉልኝም፤ «እርስዎ ዋንጫ መያዝ ያውቁ የለ፤ ይያዙ» አሉኝ። ስለዚህ አጥሚት መሥራት ተማርሁ፤ የመጀመሪያውን አሳረርሁት፣ ሁለተኛውን ጨው ደፋሁበት፣ ሦስተኛውን የሻረግ ፊቷን አጨማድዳ ጠጣችው። ፔርሙዝ በቀኝ፣ የምስር ወጥና የዓሣ ሳህን በግራ ይዤ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ሆስፒታል ስመላለስ ያዩኝ ወዛደሮች «ጓድ አራስ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ!» ይሉኛል። ይበሉኝ። ሳቅ ዋጋ እንዳለው የተረዳሁት ከፋዩ እኔ ስሆን ነው።

በዘጠነኛው ቀን ማንኪያውን ዘግየት አድርጌ ባቀርበው ትርንጎ ፊቷን አቀላችና ጮኸች። እንዲያው ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕፃናት ሁሉ ተቀብለው እስኪያዜሙ፣ ሲስተር ከኮሪደሩ ማዶ «ማናት ይችማ?» ብላ እስክትመጣ ድረስ ነበር፤ እማማ ደብሬም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣን። ልንወጣ ስንል የሻረግ ሐኪሙን ስለ ገላዋ ጠየቀችው፤ ሁላችንም ፊት፣ ሳታፍር። ሐኪሙም አልሳቀባትም። «መክሳት ትችያለሽ፤ ግን ቀስ ብለሽ» አላት። «ማጥባት ራሱ ሥራ ነው፤ ከሰውነትሽ ላይ ይወስዳል። ሦስት ጊዜ ብዪ፤ በመካከሉ ከራበሽም ብዪ፤ ከጠማሽ ጠጪ። ብርታትሽ ሲመለስ ተራመጂ። የሚያስቀምጥ ነገር እንዳትነኪ። በየወሩ የሚመዘነው ደግሞ ልጅሽ ነው፤ እሷ እየጨመረች ካንቺ ቢቀንስ ደግ፤ ካንቺ ቀንሶ እሷም ከቀነሰች ግን ወዲያው ነይ።» የሻረግም እንዲሁ አደረገች። አመሻሽ ላይ ትርንጎን አዝላ በጣናው ዳር፣ ታንኳዎቹ ከሚያርፉበት እስከ ዋርካዎቹ ድረስ ትራመዳለች፤ እኔ ውኃ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ፤ ጎን ለጎን እንድሄድ የተፈቀደልኝ ከብዙ ወር በኋላ ነው። ልጅቷ ድክ ድክ ስትል የሻረግ የዱሮ ቀሚሷ ገባላት። ስንት ኪሎ እንደሆነች ግን አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ፣ የትርንጎ ልጅ፣ ወልዳ እኛው ቤት አራስ ናት። ሰሞኑን ስልኳ ላይ «በሠላሳ ቀን ሆድሽን አጥፊ» የሚል ነገር ስታይ አገኘኋትና ነው እስክርቢቶ ያነሣሁት። ልጄ ሆይ፣ ወተትሽ ከምትበዪው ነው። ሆድሽ ዘጠኝ ወር የሞላ ነው፤ በወር ካልጎደለ ብለሽ አትጣዪው። ልጅሽ ዝም ካለች፣ ሽንቷ ካነሰ፣ ጡት ይዛ ቶሎ ቶሎ እንቅልፍ ከወሰዳት፣ «ጨዋ ናት» የሚልሽን አትስሚ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የጠጣሽውንም የዋጥሽውንም ለሐኪሙ አትደብቂ። አንተ ባል ደግሞ፣ ቀልድ ካማረህ የራስህን ቦርጭ ውሰድ፤ የእኔ ዛሬም ለብዙ ቀልድ ይበቃል።

ስሟን ሳልጠይቅ የቀረሁትን ሲስተር አመሰግናለሁ። ወጣቱን ሐኪም አመሰግናለሁ። እማማ ደብሬን አመሰግናለሁ፤ በአምላክ ፊትም ቢሆን «እርስዎ» እንደሚሉኝ አልጠራጠርም። ያረፉት ቁንዝላ ነው። ይቅርታ ለምኛቸዋለሁ፤ «እግዜር ይፍታዎ» አሉኝ እንጂ «ፈትቼሃለሁ» አላሉኝም። ልክ ነበሩ።

ይህን ጽፌ ለየሻረግ አነበብሁላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጨረስህ?»

«ጨረስሁ። እንዴት ነው?»

«ዋንጫውን የያዝኸው አንተ፣ የጠየቅሁህ እኔ ነኝ። የእኔንም ጥፋት ለብቻህ አትውሰደው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «በል ተነሥ፤ አጥሚቱ ሳይበርድ ለአራሷ ውሰድላት። ጨርሳ እስክትጠጣም ቆመህ ጠብቅ። አፍህን ዘግተህ።»

ተነሣሁ።