ቀይ ክር የታሰረበት ከረጢት

ደብረ ብርሃን በምሠራበት ቢሮ በምሳ ሰዓት መርፌና ክር የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ስልካቸውን ሲነካኩ እኔ እራፊ ጨርቅ እገጣጥማለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ አፏ የማያርፍ ልቧ ግን ደግ የሆነች ሴት፣ አጠገቤ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ “ደሞዝሽ አልበቃ ብሎሽ ነው ድሪቶ የምትሰፊው?” አለችኝ። ድሪቶ የሚለውን ቃል የቆሸሸ ነገር በሁለት ጣት እንደሚነሳ አድርጋ ነው የተናገረችው።

“አዎ፣ ድሪቶ ነው” አልኳት። “ሲያልቅ ለምነሽም አታገኚው።”

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። በማግስቱ ግን ለልጇ የጠበበውን ሸሚዝ በፌስታል አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ድሪቶው ለአክስቴ ነበር። የአባቴ እኅት ናት። እናቴ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሆነ ጎረቤላ በሚባል የደጋ አገር ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የደብሩን መጋረጃና የጥላውን ዘርፍ ስትሰፋ ኖራለች። አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ቀለም አትለይም፤ ጉልበቷም ብርድ አይችልም። በዚያ አገር ከቆላው የሚወጣው ጉም ሳይጠሩት ቤት ይገባል። አክስቴ የምትለብሰው ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን የበግ ጠጉር ዝተት ነው። ዝተት ያሞቃል፤ ግን ይከብዳል። “ሰው ተቀምጦብኝ እንዳደረ ነው የምነሳው” ትለኛለች። የገዛሁላት ብርድ ልብስ “ያንሸራትታል” ተብሎ ሣጥን ገብቷል። ስለዚህ የጥቅምት ብርድ ሳይገባ ቀለል ያለና የሚሞቅ ነገር በእጄ ልሠራላት ቆረጥኩ።

ጨርቁ የመጣው ከራሷ ቤት ነው። አክስቴ ጨርቅ አትጥልም። ስንዝር የሚሞላው ለመጣፊያ ይቀመጣል፤ ከዚያ ያነሰው ትራስ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ክሩ እንኳ ተመዝዞ ይጠቀለላል። ለፋሲካ ልጠይቃት ሄጄ ስመለስ፣ “እኔ እንግዲህ መርፌ አላይ፤ ምሰሶው ላይ ያለውን ከረጢት ውሰጂው” አለችኝ። ምሰሶው ላይ የተንጠለጠሉት ግን ሁለት ነበሩ፤ የአንደኛው አፍ በቀይ ክር ታስሯል። ሚኒባሱ ክላክስ እያደረገ ስለነበር ሁለቱንም አንስቼ ሮጥኩ።

ቀይ ክር ከታሰረበት ውስጥ ከፋይ ወጣ፤ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ወርቀ ዘቦ ያለበትም ነበረ። ከሌላው ጋር ቀላቅዬ በሳፋ አጠብኩት። ከእሑድና ከበዓላት በቀር ክረምቱን ሙሉ ሰፋሁ። የአባቴ የካኪ ኮት፣ የተማሪ ቤት ልብሴ፣ የባልደረባዬ ልጅ ሸሚዝ፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ውስጡን በመጀመሪያ ደሞዜ በገዛሁት ጋቢዬ ሞላሁት። ከፋዩን ጎልቶ እንዲታይ መሀል ላይ አደረግኩት። በሥራዬ ኮራሁ፤ ባልደረባዬም አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ “እንዲህ ከሆነስ ለእኔም ስፊልኝ” አለች።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ይዤው ሄድኩና መደቡ ላይ ዘረጋሁላት። አክስቴ በእጇ ታየው ጀመር።

“ይሄ የአባትሽ ካኪ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ይሄ ደግሞ የተማሪ ቤት ልብስሽ። ክርኑን ሦስቴ ነው የጣፍኩት፣ ምን ስትሆኚ እንደምትቀጅው እንጃ።”

እየሳቀች ወደ መሀል መጣች። ከፋዩን ስትነካ እጇ ቆመ።

“ይሄን ከየት አመጣሽው?”

“ከከረጢቱ ነዋ፣ እቴቴ።”

“ከየትኛው?”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቀይ ክር የሚታሰርበት የቤተ ክርስቲያን ቁራጭ ነው። ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ ወይ ወደ ደብሩ ይመለሳል ወይ ይቃጠላል፤ ሰው አይለብሰውም፣ አይተኛበትም። ይህን አውቅ ነበር። በስድስት ዓመቴ ከዚያው ከፋይ ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ ስሰፋ አግኝታኝ፣ ሳትቆጣ ቀስ ብላ ከእጄ ወስዳ፣ በምትኩ የራሷን መቀነት ጫፍ ቆርጣ ሰጥታኛለች። ከረጢቱን ስፈታ ያ ሁሉ ትዝ አላለኝም። ጨርቅ አየሁ፣ ጨርቁ አማረኝ፣ በቃ።

“ከዚህ ሥር አልተኛም” አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ሰው ፊት የማላለቅስ ሴት አለቀስኩ። ብርዱ ገብቷል፤ እሷም ዛሬም ከዚያ ዝተት ሥር ልታድር ነው፤ ያውም በእኔ ጥድፊያ። በራሴ ተናድጄ መቀስ አነሳሁና መሀሉን ልቀደው ስል እጄን ያዘችኝ።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አሁንም ልትቸኩዪ ነው? መቀሱን አስቀምጪና ክሩን ፍቺው።”

ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ፈታነው። እኔ የክሩን ጫፍ በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ እሷ በጣቷ ትመዛለች። ከፋዩን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ለንስሐ አባቷ እንዳደርስ ላከችኝ። አባ ነገሩን ሲሰሙ ፈገግ አሉና ጨርቁን ተቀብለው ስግደት አዘዙልኝ። ይገባኛል።

ስመለስ አክስቴ ሣጥኗን ከፍታ፣ የታጠፈ ነገር ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ሰማያዊ አበባ ያለበት የቺት ቀሚስ ነው።

“የእናትሽ ነው” አለችኝ።

የእናቴ ልብስ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ አርባዋ ሲወጣ ሁሉም ለነዳያን እንደተሰጠ ነበር የማውቀው። የእሷ የሆነ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም።

“ይህቺን ደበቅኳት” አለች አክስቴ። “ልጅቱ ከናቷ ምንም ሳይኖራት ትደግ? አልኩና ደበቅኳት። ኋላ ግን ለነዳያን የተባለ ነገር ነውና ሕሊናዬ እንቢ አለኝ፤ ተናዘዝኩ። አባ፣ ‘ወይ ቀሚሱን ስጪ፣ ወይ በምትኩ የተሻለ ስጪ’ አሉኝ። ያኔ ያለኝ የተሻለ ነገር ጋቢዬ ነበር።”

“ሰጠሽው?”

“ታዲያስ። ያን ዓመት ብርዱ አይጣል ነበር። ይሄን ዝተት ያኔ ነው ከአባትሽ የለመንኩት።”

በልጅነቴ ሌላው ሰው ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እሷ በነጠላ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አያት ነበር። ለጓደኞቼ፣ “የኔ አክስት ብርድ አይነካትም” እያልኩ እመካባት ነበር። ለካ ይነካት ኖሯል። እጇን ይዤ ሳምኩት፤ ደግሜም ሳምኩት።

“ለሰርግሽ ልሰጥሽ ነበር ያስቀመጥኳት” አለች፣ እጇን እየነጠቀችኝ። “በሁሉ ነገር የምትቸኩይ ልጅ በሱ ብቻ ዘገየሽ።”

ከቀሚሱ ጀርባ ሁለት ስንዝር ቆርጬ ባዶው መሀል ላይ ሰፋሁት። መጀመሪያ፣ “ያንቺን ለኔ?” ብላ እንቢ ብላ ነበር። “የቀረው ለእኔ ይበቃኛል፤ ይህ ካንቺ ጋር ይሁን” ብዬ አስገደድኳት። ቀለም ስለማትለይ በጣቷ እንድታገኘው ዙሪያውን በወፍራም ክር ዘመዘምኩላት። የቀረውን ቀሚስ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ። መርፌ አላስነካውም።

ዝተቱን አጥፌ ሣጥኑ ላይ አኖርኩትና፣ ገና በቀኑ፣ ድሪቶውን እንድትሞክረው ጋደም ስትል አለበስኳት። ጣቷ ወፍራሙን ክር ፈልጎ አገኘውና እዚያው ቆየ።

“እንዴት ነው እቴቴ፣ ከበደሽ?”

“ኧረ ማንም አልተቀመጠብኝም። ግን ይሞቃል። ውስጡ ምን አድርገሽበት ነው?”

“ጋቢ ነው” አልኳት። “የራሴ ጋቢ።”

ዳር ዳሩን በእጇ እየጨበጠች ውስጡን ፈተሸችው። ከዚያ እስከ አገጯ ሳበችውና ዓይኗን ጨፈነች።

“ተመስገን” አለች። “ጋቢዬ ተመለሰልኝ።”