ፊቱ የድሮ፣ ሆዱ የዘንድሮ

ብራዚል ውስጥ የባርባሴና ከተማው ቫልዶሚሮ በሕይወቱ ሁለት ነገር ወዷል። አንደኛውን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ግን ራሱም የነቃበት ዘግይቶ ነው።

ከተማው የሚያውቀው ኦፓላውን ነው። እርድ የመሰለች፣ በሰባዎቹ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣች፣ ኒኬሏ ፊት የሚያሳይ መኪና ናት። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እኩዮቹ ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ፣ እሱ ኦፓላውን ማጠብ ጀመረ። ሰማዩ ሲጠቁር ከተሰጣው ልብስ በፊት የሚያስገባው እሷን ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ "እኔ ቢዘንብብኝ ዣንጥላ እንኳ አታቀብለኝም" ትለው ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ እውነቷን ነው።

ሁለተኛዋ ኦንዲና ናት። ኦንዲና በናስ ድስት የዘይቱን ማርማላታ እያማሰለች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ለስንት ዓመት አርብ አርብ ጠዋት ማርማላታዋን በቅርጫት ይዛ ገበያ የምትሄደው በቫልዶሚሮ አውቶቡስ ነበር። እሱም የሚያውቃት በስፖኪዮ ነው። ወይ ታወራለች፣ ወይ ትዘፍናለች፤ አፏ ሲዘጋ ያየ የለም። የቀረች ቀን መንገዱ ይረዝምበት ነበር። ለምን እንደሚረዝም ግን አልመረመረም፤ ባለትዳር ነበር፣ ጨዋም ነበር።

ሚስቱን ቀበረ፣ ጡረታ ወጣ፣ ሐዘኑም በጊዜው ቀለለ። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ መሀል ከኦንዲና ጋር ፊት ለፊት ተላተሙ።

"ወይ ጉድ!" አለች፣ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ። "ሹፌሩ ፊትም አለው ለካ! እኔ እኮ የማውቅህ በማጅራትህ ነው።"

ቫልዶሚሮ እስከ ጆሮው ቀላ። "ቤት ላድርስሽ" አላት። እሷም ደስ ብሏት ኦፓላዋ ውስጥ ገብታ ተመቻቸች፤ ዓይኗ ግን ወዲያው ሬዲዮው ላይ አረፈ።

"ይሄስ? አይሠራም?"

"ከሞተ ቆየ።"

"እንግዲያው እኔም አልሄድም። ዝም ያለ መኪና ውስጥ አልቀመጥም፤ ሬሳ የምሸኝ ይመስለኛል።" ወረደች፣ ቅርጫቷን አነሳች፣ እየዘፈነች በእግሯ ሄደች።

ቫልዶሚሮ እንደዚያ ቀን ሬዲዮ አስፈልጎት አያውቅም። ችግሩ ግን መኪናዋ ለጥቁር ታርጋ እየተዘጋጀች መሆኗ ነው። በዚያ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረች፣ ተፈጥሮዋን ያልለወጠች መኪና ጥቁር ታርጋ ይሰጣታል። ለሌላው ሰው ቆርቆሮ ነው፤ ለቫልዶሚሮ ኒሻን ነው። ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች ማኅበራቸው የሚመረምረው ደግሞ አቶ አንሴልሞ ነው። የቀድሞ የሒሳብ መምህር ነው፤ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ እያንዳንዷን ብሎን በማጉያ መነጽር የሚያይ ሰው። ዕድሜው ሰባን ዘሏል፤ ሪዙ ግን እንደ ቁራ የጠቆረ ነው። አንድ አባባል አለው፦ "ወይ ኦሪጅናል ነው፣ ወይ አይደለም፤ መሀል የለም።" በዚህ አባባል ስንቱን ሽማግሌ አስለቅሷል።

ቫልዶሚሮ ኦንዲናን "እንግዲያው አንቺው ምረጪልኝ" ብሎ ለምኖ ወደ ኩስቶዲዮ ሱቅ ወሰዳት። ኩስቶዲዮ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ እሬት።

"የድሮውን ልጠግንልህ እችላለሁ፣ ጋሽ ቫልዶ" አለ ኩስቶዲዮ፣ የሞተውን ሬዲዮ እያገላበጠ። "ግን የሚይዘው ኳስና ስብከት ብቻ ነው፤ እሱንም እያንኮሻኮሸ።"

"ስብከቱን እሁድ እሰማዋለሁ" አለች ኦንዲና። "ሌላ አምጣ።"

ኩስቶዲዮ ሌላ አመጣ። ሲሰካው ሰማያዊ በራ፣ ቀይ በራ፣ አረንጓዴ በራ፣ የዘፈኑንም ስም በፊደል ጻፈ።

"ይሄ የመጠጥ ቤት በር ነው እንጂ ሬዲዮ አይደለም" አለ ቫልዶሚሮ።

"ድምፁ ግን ግሩም ነው። ዳሽቦርዱን ትንሽ ቆረጥ አድርጌ…"

"መጋዝ እንዳታሳየኝ!" ቫልዶሚሮ ዳሽቦርዱን በሁለት መዳፉ ሸፈነው፣ ልጁን ከውሻ እንደሚያስጥል አባት። ኦንዲና ከት ብላ ሳቀች፣ ኩስቶዲዮም ሳቀ፤ ቫልዶሚሮ ግን እጁን አላነሳም።

በመጨረሻ ኩስቶዲዮ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ከውስጡ የወጣው ሬዲዮ ግራና ቀኝ ክብ ማዞሪያ አለው፤ መሀሉ ላይ እንደ ጥርስ የተደረደሩ አምስት የኒኬል ቁልፎች፣ ከላያቸው ቁጥር የተጻፈበት መስታወት፣ መስታወቱ ውስጥ የምትሄድ ቀይ መርፌ። ከፋብሪካ ከወጣ ግን ዓመት አልሞላውም። ፍላሽ ይቀበላል፣ ብሉቱዝ አለው፣ ስልክ ያነሳል፤ ልኩም ቁጭ የድሮው ቀዳዳ ነው።

"ይኸውልህ" አለ ኩስቶዲዮ። "ፊቱ የድሮ፣ ሆዱ የዘንድሮ። ልክ እንዳንተ፣ ጋሽ ቫልዶ፤ ሆዱን ነው እንጂ ያላወቅነው።"

ኦንዲና ማዞሪያውን በአውራ ጣቷ ዞር አደረገችው፣ መለሰችው፣ እንደገና ዞር አደረገችው። "ክብደት አለው" አለች። "እንደ ጥሩ ምድጃ ማዞሪያ። ቀለል የሚል ማዞሪያ ሰውን ይዋሻል።" ከዚያ ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣችና ሳምባ የሚሉትን የጭፈራ ዘፈን በሬዲዮው ለቀቀች። ሱቁ ተናጋ። ካቻቢቴዎቹ መስቀያቸው ላይ ተንቀጫቀጩ። ኦንዲና በተቆለሉት ጎማዎች መሀል መጨፈር ጀመረች፤ ቫልዶሚሮም ሳያውቀው ዳሽቦርዱን ለቆ በጣቶቹ ይመታ ነበር። ያን ጊዜ ነው፣ መንገዱ ለምን ይረዝምበት እንደነበር የገባው። በደስታም በድንጋጤም ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የተንኮል ሥራ ሆነ። የድሮዎቹን የኒኬል ቁልፎች ነቅለው በአዲሱ ላይ ገጠሙ። የአዲሱ መብራት ነጭ ስለሆነ፣ ኩስቶዲዮ ከመስታወቱ ኋላ ቢጫ የከረሜላ ልባስ ቆርጦ አስገባበት፤ ብርሃኑ አርባ ዓመት የኖረ መሰለ። "ይሄን አንሴልሞ በመነጽር ቀርቶ በቴሌስኮፕ አያገኘውም" አለ። "አንድ ነገር ብቻ፣ ጋሽ ቫልዶ፦ ስልክህን ለምዶታል። ሬዲዮው ከተከፈተ ራሱ ፈልጎ ይይዘዋል።" ቫልዶሚሮ "እሺ፣ እሺ" አለ፤ ጆሮው ግን ሳምባው ላይ ነበር። የድሮውን ሬዲዮ ኩስቶዲዮ በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ አኖረው።

"አንሴልሞ ቢጠይቅህስ?" አለች ኦንዲና፣ ወደ ቤት ሲሄዱ።

"አይጠይቅም፤ ያያል እንጂ።"

ኦንዲና እስከ ቤቷ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሬዲዮው ስለሚዘፍን ቫልዶሚሮ ልብ አላለውም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት የእብደት ነበሩ። መስኮቱን ከፍተው፣ ድምፁን ለቀው፣ በየኮረብታው እየዞሩ ማርማላታ በአይብ ይበላሉ። ቫልዶሚሮ ዘፈን አይችልም፤ ይዘፍናል። ጎረቤቶቹ "ሽማግሌው ለቀቀ" ይባባሉ ጀመር፤ ቢሰማም ደስታውን አልቀነሰበትም።

ደስታው ላይ ውኃ የቸለሰችው ብራዚሊያ የምትኖረው የኦንዲና ልጅ ናት። "እማዬ፣ ክፍልሽን አዘጋጅተናል፣ ጠቅልለሽ ነይ። እስከ እሁድ ወስኚ" አለቻት። ኦንዲና ይህን ስትነግረው ቫልዶሚሮ "ጥሩ ነው፣ ብራዚሊያ ሰፊ ናት" አለ። ቅዳሜ ግን አንጀቱ አልችል አለው። በራፉ ላይ ኦፓላው ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣና ድምፁን ቀዳላት፦ "ኦንዲና፣ እ… አትሂጂ። ማለቴ፣ አግቢኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ።" ላከና ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ጣለው።

መልሱ የመጣው እሁድ ጠዋት፣ የምርመራው ዕለት ነው። ኦንዲና በጽሑፍ አትልክም፤ የምትልከው ድምፅ ነው፣ ከስብከትም አያጥርም። ቫልዶሚሮ ርዝመቱን አየ። 'እሺ አጭር ቃል ናት' ብሎ አሰበ፤ 'ይህን ያህል የሚረዝም እምቢታ ነው።' ሳይከፍተው ኪሱ ከተተው።

የቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ በአሮጌ መኪና ተሞልቷል፤ ጥብስ ይጠበሳል፣ ሕዝቡ ይተራመሳል። አቶ አንሴልሞ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ኦፓላዋን ዞራት። ወንበሩን ዳሰሰ፣ መሪውን ዳሰሰ፣ ከዚያ "እስቲ ሬዲዮውን ይክፈቱልኝ" አለ። ቫልዶሚሮ ከፈተው። መርፌዋ ሄደች፣ ቢጫው ብርሃን በራ፣ አንድ ቄስ እያንኮሻኮሸ ሰበከ። አንሴልሞ በመነጽሩ አጎንብሶ አየና፣ "እሰይ" አለ። "እንዲህ ነው እንጂ።" ሬዲዮው እንደተከፈተ ኮፈኑን ሊያይ ወደ ፊት ሄደ።

ቫልዶሚሮ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። ከመኪናው ራቅ ብሎ አንድ ዛፍ ተከለለ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ የኦንዲናን መልእክት ነካው። ምንም የለም። ድምፁን ጨመረ። አሁንም ምንም። 'ጆሮዬም ጥሎኝ ሊሄድ ነው' አለና እስከ ጫፉ ጨመረው።

"ቫልዶ!" ብላ ኦፓላዋ ጮኸች።

አደባባዩ ቀጥ አለ። "ድምፅህን ሰማሁት። መጀመሪያ ነገር፣ የጎረቤቴ ዶሮ ዛሬም አጥሬን ዘላ በርበሬ ተክሌን ጭራ ጨረሰችው! ጣሪያዬም ያፈሳል። ወንድ ያለበት ቤት አያፈስም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ሟቹ ባለቤቴ እያለም ያፈስ ነበር።"

ቫልዶሚሮ ሊያጠፋው በሩጫ መጣ። አንሴልሞ ግን በሩ ላይ ቆሞ በጓንቱ አገደው። "ቆይ!" አለ። "ሴት ልጅ ስትናገር አይቋረጥም።" ሕዝቡ ጥብሱን እንደያዘ ተጠጋ።

"አሁን ወደ ቁም ነገሩ" አለች ኦፓላዋ። "ያ ሬዲዮ እንቅልፍ ነሳኝ። አንሴልሞን ልታታልለው ነው፣ አይደል? ዛሬ ለታርጋ የዋሸ ነገ ለወጥ ይዋሸኛል። ሂድና በገዛ አፍህ ንገረው። ደግሞ እሱን ምን ያስፈራሃል? ሪዙን በየሳምንቱ ቀለም የሚቀባ ሰው ነው ስለ ኦሪጅናል የሚፈርደው?"

ሁሉም መጀመሪያ የአንሴልሞን ሪዝ፣ ቀጥሎ መሬቱን አየ። የአንሴልሞ እጅ ሳያዘው ወደ ከንፈሩ ሄደች። ስትመለስ ነጩ ጓንት ላይ ጥቁር ነገር ነበር፤ ፀሐዩ ከሮ ነበርና። ሳቁን ሊይዝ የሞከረ አንድ ሰው ጥብሱ ትን አለው።

"ለልጄ ደውዬ አልመጣም ብያታለሁ" ስትል ግን የሚይዘው ጠፋ። ሕዝቡ ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ አሮጌ መኪኖቹ ሁሉ ክላክሳቸውን ለቀቁ። "የጠየቅከኝን በተመለከተ ደግሞ…" የሚለው ድረስ ተሰማ፤ የቀረውን ጩኸቱ ዋጠው።

"ምን አለች? ምን አለች?"

"እሺ ብላለች!"

"ኧረ ላስብበት ነው ያለችው!"

"ክርክሩን ተዉትና ደግመህ ልቀቀው፣ ጋሽ ቫልዶ!" አለ ኩስቶዲዮ።

ቫልዶሚሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። "አልለቅም። ይቺን ከራሷ ነው የምሰማው።" ከዚያ ቀጥ ብሎ አንሴልሞ ፊት ቆመ። "አቶ አንሴልሞ፣ ሬዲዮው ኦሪጅናል አይደለም።"

"ሰምተናል!" አለ አደባባዩ በአንድ ድምፅ።

አንሴልሞ ጓንቱን አውልቆ አጣጠፈው። ሊቆጣ ነው ሲባል፣ "ዳሽቦርዱ ተቆርጧል?" አለ ዝግ ብሎ።

"ሞቼ!"

"የድሮው ሬዲዮስ?"

"መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ አሁኑኑ ላምጣው" አለ ኩስቶዲዮ፤ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቷል።

"እንግዲያው መልሱትና ዛሬውኑ ጥቁሩን ታርጋ ልፍቀድልዎት" አለ አንሴልሞ። ሪዙን አንዴ ነካ አድርጎ፣ "እኔም በዚህ ጉዳይ ድንጋይ ለመወርወር አልቸኩልም" አለ።

ቫልዶሚሮ ስንት ዓመት የጠበቀው ቃል ይኸው ነበር። ሬዲዮውን አየ፣ ወደ ኦንዲና ቤት የሚወስደውን መንገድ አየ።

"እሱን ነቅዬ በምን ልሂድላት?" አለ። "ዝም ባለች መኪና?" ገባና ሞተሩን አስነሳ፤ ሕዝቡ እየጨፈረ መንገድ ለቀቀለት።

ኦንዲና ማማሰያዋን እንደያዘች በሯ ላይ ቆማ ነበር። "ነገርከው?" አለችው።

"ነገርኩት።"

"በገዛ አፍህ?"

"መጀመሪያ በአንቺ፣ ቀጥሎ በእኔ።" የሆነውን ሁሉ ነገራት። ኦንዲና በሽርጧ አፏን ሸፈነች።

"ሪዙን ያልኩትንም?"

"እሱን ሳይሰማ የቀረ የለም።"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ሳቀ። ሳቃቸው ሲያልቅ ሽርጧን ፈታ መኪናው ውስጥ ገባች። ሳምባው ይዘፍናል። ቫልዶሚሮ ግን ማርሽ አላስገባም።

"አንድ ነገር አልሰማሁም። መጨረሻውን ጭብጨባው ዋጠብኝ።"

"ስልክህ ውስጥ አለ አይደል?"

"አለ። የጠየቅኩት ግን ስልኩን አይደለም።" ወደ ስፖኪዮው ሳይሆን ወደ እሷ ዞሮ ነበር።

ኦንዲና እጇን ዘርግታ ያንን ክብደት ያለውን ማዞሪያ ወደ ግራ አዞረችው፣ ቀጭ እስኪል። ኦፓላዋ ዝም አለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ወደ ጆሮው ተጠግታ ነገረችው።

ከዚያ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሬዲዮውን መልሶ መክፈት ትዝ ያላቸው ከታች ያለው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ነው።