የልደታው ጉራንጉር

ከዋናው መንገድ ታጥፈው የሚገቡበት ቅያስ ይባላል። ቅያሱ እየጠበበና እየተጣመመ ሄዶ የወዲህና የወዲያ ቤት አጥር ሊነካካ ሲደርስ ግን ጉራንጉር ነው። የእኛ ቤት ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ እንዲህ ያለ ጉራንጉር ውስጥ ነበር። ቃሉ ለብዙ ነገር ያገለግለን ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው «የቤቱን ጉራንጉር ሁሉ በረበርኩ» ይላል። እናቴ ደግሞ አልጨበጥ ያለ ሰው ሲገጥማት «ሆዱ ጉራንጉር ነው» ትል ነበር።

ጣሊያን ገብቶ ዓመት ሳይሞላው፣ በዚያ የካቲት ከተማው ሲቃጠል፣ የእኛም ሰፈር ነደደ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ በእነዚያ ቀናት እንደወጣ ቀረ፤ ታላቅ ወንድሜ ጫካ ገባ። እኔና እናቴ ከጎረቤታችን ከሸማኔው ጋር ተጋግዘን ቤቶቻችንን መልሰን ስንሠራ፣ ሸማኔው አጥሩን ወደ ውስጥ ስበን መተላለፊያውን እናስፋው አለ። እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘል ብሎ ነው። እናቴ አልተቀበለችውም።

«ካሰፋነው መኪናቸው ይገባል» አለችው። «ከመጡም በእግራቸው ይምጡ።»

ሸማኔው ጥቂት አሰበና ችካሉን በድሮው ጉድጓድ ተከለ።

ክረምት ሲገባ ወንድሜ በጥይት የተመታ እግሩን እየጎተተ መጣ። ጓዳ አስተኛነው። እናቴ ጠዋት ማታ ቁስሉን በጨው ውሃ ታጥባለች፤ እኔ ፈትል እየፈተልኩ ደጃፉን እጠብቃለሁ።

በሳምንቱ አንድ ጣሊያን ሰፊ ወረቀት ይዞ፣ አስተርጓሚ አስከትሎ መጣ። የከተማውን መንገዶች እየለካ የሚጽፍ ሰው ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ወንድሜ እንዳያስለው እጸልያለሁ።

«እናቴ፣ የዚህ መንገድ ስም ማን ይባላል?» አላት አስተርጓሚው።

«ጉራንጉር።»

«ስሙን ነው የጠየቅኩዎት።»

«እኔም የነገርኩህ ስሙን ነው» አለችው።

አስተርጓሚው አማርኛ እንደ እኛው የሚናገር ሰው ነው። ጉራንጉር የሁሉም ጠባብ መተላለፊያ መጠሪያ እንደሆነ አይጠፋውም። እናቴን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ጣሊያኑ ዞሮ ቃሉን ቀስ አድርጎ ነገረው፤ ጣሊያኑም ጻፈ። ቀጥሎ ባለው መተላለፊያም ሲጠይቁ ያንኑ መልስ አገኙ። ያንንም ጻፉት።

ብዙም ሳይቆይ ከሰፈራችን አንድ ባንዳ ወንድሜን ጠቆመ። እኛ መጠቆሙን የሰማነው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጧፍ ከምትሸጥ ሴት ነው። እየሮጠች መጣች።

«ወታደሮች ከላይ ናቸው» አለች። «የቆሰለው ጉራንጉር ነው ያለው ተብለው መንገደኛውን ሁሉ ጉራንጉር የት ነው እያሉ ይጠይቃሉ። አንዱ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጠቆማቸው። እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን አሳየኋቸውና በዚህ መጣሁ።»

እናቴ አመሰገነቻትና ወዲያው ወደ ሸማኔው ሄደች። ሸማኔ ሲሠራ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ይከታል። ወንድሜ ከመጣ ጀምሮ ሸማኔው ያን ጉድጓድ በጎን በኩል እያስፋፋ እንደነበር እኔ አላውቅም ነበር። ወንድሜን ደግፈን በአጥሩ ቀዳዳ አሻገርነው፤ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ጉድጓዱ ጎን ገባ። ሸማኔው እግሩን አስገብቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ጓዳውን ጠርጌ የቁስሉን ጨርቅ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ።

ወታደሮቹ የደረሱት ከቀትር በኋላ፣ ደክሟቸውና ተናደው ነው። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማያስኬድ አንድ በአንድ ተሰልፈው ገቡ። ጠመንጃቸው አጥሩን ሲፍቅ ይሰማል። ቤታችንን ገለባበጡት፤ የውሃ እንስራችንን ሰበሩት። ከዚያ ሸማኔው ቤት ገቡ።

«ተነሥ» አለው አንዱ።

«እነሣለሁ ጌታዬ። ይቺን ክር ልቋጥር፤ አሁን ከለቀቅኳት ሁሉም ይበጠሳል።»

መወርወሪያውን ወረወረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ወታደሩ በሰደፍ ትከሻውን መታው። ሸማኔው ጎንበስ ብሎ ቆየና ክሩን መቋጠሩን ቀጠለ። አልጋውን ገለበጡ፣ ጣሪያውን በሳንጃ ወጉ፤ ያገኙት ነገር አልነበረም። አለቃቸው የመንገዶቹ ስም የተጻፈበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ወደ ሌላው» አለ።

ከሄዱ በኋላም ቢሆን ሸማኔው እስኪመሽ ድረስ አልተነሣም። እናቴ ትከሻውን ልትቀባው ቅቤ ይዛ ስትሄድ፣

«እትዬ፣ እርስዎ ልጅዎን ያውጡት፤ እኔ ደህና ነኝ» አላት።

ወንድሜ ቁስሉ ሲደርቅለት እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ የጭድ ሸክም ተሸክሞ ወጣ። እስከ ነፃነት ድረስ ጫካ ቆየ፤ እያነከሰም ቢሆን በሕይወት ተመለሰ። ያን ቀን ከእኛ በወጣ በወሩ አንድ የማናውቀው ወጣት ክንዱን በነጠላ ጠቅልሎ ደጃፋችን ላይ ቆመ።

«ልጅዎ ነው የላከኝ» አላት እናቴን።

እናቴ ግራና ቀኝ አየች። «ግባ» አለችው። ለእኔም «ውሃ ጣጂ፤ ጨውም አውጪ» አለችኝ።