በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ

አዳማ ገበያ ወጥቼ መዶሻና ካቻቢቴ ስመርጥ በሐሳቤ የነበረው አንድ በር ብቻ ነው፤ የመታጠቢያ ቤታችን በር። ሌላው ሰው ቤቱን ሊያሳምር ይገዛል። እኔ የገዛሁት ግን ድንገት ቢቆለፍባት እናቴን ለማውጣት ነው።

እናቴን ከአርሲ ነገሌ አምጥቼ እኔ ጋ ካስቀመጥኳት ወዲህ መርሳቷ ብሶባታል። መጀመሪያ የረሳችው የሰው ስም ነበር፤ እሱን በሳቅ አለፍነው። ኋላ ጨው የገባበትን ወጥ ደግማ ጨው ስትሞጅርበት “እማዬ፣ ባሕር ልታደርጊው ነው እንዴ?” እያልኩ እተርባት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈችና መክፈቱ ጠፋባት። “መጣሁ፣ መጣሁ” ትላለች፤ አትመጣም። ቁልፉን ስታንገጫግጨው ይሰማኛል። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በመጨረሻ ተከፈተላት። ወጥታም “ምን ያስጮኽሻል? ጎረቤት ምን ይላል?” ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ቢያዳልጣትስ? ሥራ ላይ ሆኜ ብትቆልፍስ? ቁልፉን ደብቄው ነበር። ቤቱን ስታተራምስ ውላ “በስተርጅና ልታዋርጂኝ ነው?” ብላ አለቀሰች። ልጇ ሆኜ እንኳ ትከሻዋን ገልጣ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። ምን ላድርግ፣ መለስኩላት። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራው ወንድሜ በስልክ “በር የሚከፍት ባለሙያ ቁጥር ያዢ” አለኝ። ለማውራቱማ ማን ብሎት! ባለሙያው እስኪደርስ፣ በአዳማ ቀትር፣ መስኮቱ መዳፍ በማያህል ክፍል ውስጥ እሷ ምን ልትሆን ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ራሴ ወጣሁ።

ባለሱቁ “አካም ጅርታ፣ እህቴ?” ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበለኝ። “ምን ልትሠሪ ነው?” ሲለኝ እውነቱን መናገር አፈርኩና “ለቤት፣ እንዲሁ የላላ ነገር ለማጥበቅ” አልኩት። እሱም ትልቅ ሳጥን ከፍቶ ዘረገፈልኝ። ድሪሉ፣ መጋዙ፣ በየመጠኑ የተደረደረው መፍቻ፤ ምን የሌለ አለ! እኔ ግን እያንዳንዱን እያነሳሁ በልቤ የምጠይቀው “ይሄ እናቴን ያወጣልኛል?” ብዬ ነው። ድሪሉን ተውኩት፤ መብራት ከጠፋ ምን ይረባኛል? መጋዙን ስነካው ከበሩ ወዲያ ቆማ ታየችኝና ቶሎ መለስኩት። ከመዶሻዎቹ ክንዴ የሚችለውን፣ ከፒንሳዎቹ እጄ ቢያልበው እንኳ የማያሟልጨኝን፣ ከካቻቢቴዎቹ አንድ መስቀለኛና አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ያዝኩ። መልሼ ደግሞ አስቀመጥኳቸው። እንደገና አነሳኋቸው። ባለሱቁ “እህቴ፣ ልትገዢያቸው ነው ወይስ ልትባርኪያቸው?” አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። የዚያን ቀን ግን እንባዬ ሊመጣ ሲል ጊዜ “ጠቅልልልኝ” ብቻ አልኩት።

ሳምንትም አልቆየ። አንድ እሑድ ረፋድ ልብስ ሳሰጣ ቆይቼ ስገባ በሩ ዝግ ነው። ባንኳኳ “መጣሁ” አለች። ዕቃዎቼን ይዤ በሩ ሥር ተንበረከክሁ። ለካስ የማልረባ ነኝ! የቁልፉ ብሎኖች በሙሉ ያሉት ከውስጥ ነው። ማጠፊያውም ከውስጥ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዕቃ ስመርጥ በሩን ዞር ብዬ ከውጭ አላየሁትም። ቆሌዬ ተገፈፈ።

“እማዬ፣ ቁልፉን ፍቺው!” አልኳት። ክፈቺው ማለት ሲገባኝ፣ ካቻቢቴ በእጄ ይዤ መፍታት መፍታት ሲለኝ ነው መሰል፣ ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

ቆይታ “ፈታሁት” አለችኝ።

ገፋሁት። ንቅንቅ አይልም።

“አልተፈታም እኮ! ፍቺው ስልሽ!”

“እየፈታሁ ነው፣ አትቆጪኝ” አለች። ድምጿ እየደከመ መጣብኝ። “ሁሉንም?”

“አዎ፣ ሁሉንም!” ብዬ ጮኽኩባት። ሁሉንም ማለቷ ምን እንደሆነ ለማሰብ ልብ አልነበረኝም። ጠፍጣፋውን ካቻቢቴ ከቁልፉ አጠገብ በበሩና በመቃኑ መሀል ሰክቼ በመዶሻ ወቀጥኩት። አንዴ የገዛ ጣቴን መታሁት። እየተሳደብኩ፣ እያለቀስኩ፣ ማርያምን እየተጣራሁ መታሁ። መቃኑ ተሰነጠቀ፤ በሩ ተበረገደ።

እናቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላለች። ቀሚሷ ከአንገቷ እስከ ታች ተከፍቷል። የቀሚሷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈትታቸው፣ የቀረውን የመጨረሻውን በጣቷ ትታገላለች። ግንባሯ በላብ ርሷል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው ደረቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

“ፍቺ ስትይኝ ፈታሁ፤ ምን አጠፋሁ?” አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ተንበርክኬ ቀሚሷን መልሼ ቆለፍኩላት፤ ጣቴ አብጦ ስለነበር እኔም እንደ እሷ ታገልኩ። “ምንም አላጠፋሽም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኳት። ውሃ ሰጥቼ አልጋዋ ላይ ካሳረፍኳት በኋላ በተከፈተው በር ብሎኖቹን ፈትቼ ቁልፉን ከነቤቱ አወጣሁት።

ማግስቱን ልትታጠብ ስትል ቁልፉ የነበረበትን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰችው። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። “ሰው ቢገባብኝስ?” አለችኝ።

“ማንም አይገባም። እኔ እዚሁ በሩን ይዤ እቆማለሁ።”

ገባች። በሩን በጀርባዬ ተደግፌ ቆምኩ። ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል፤ ዝም ባለ ቁጥር ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋለሁ።

“አለሽ?” አለች ከውስጥ።

“አለሁ።”

“ተባረኪ። ማንንም አታስገቢብኝ” አለችኝ። ትንሽ ቆየችና “ልጄ ከመጣች ግን አስገቢያት” አለች።

“እሺ” አልኳት።