የሻለቃ ሁለት ነጥቦች

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሻለቃ ይላታል። በውትድርና ዘመኗ ከአስር አለቃ አላለፈችም፤ ሹመቱን የሰጧት መካኒኮቹ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ሥር ተጋድማ ስትፈታና ስትገጥም የኖረች ሴት ናት። ታዲያ ወንድሟ ጋራዡን ለልጁ ባስረከበ በወሩ፣ ልጁ የመጋዘኑን ቁልፍ አምጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«አክስቴ፣ ለጉልበትሽ እዘኚለት። ከእንግዲህ ዕቃ እየሰጠሽ ቁጭ በይ» አላት።

ክፉ አስቦ አይደለም። እሷ ግን በቁሟ የቀበሯት ያህል ተሰማት። ሁለት ሳምንት ቡሎን ከዳዶ ስትለይ ከረመች።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ አሮጌ የጦር ካሚዮን መጣ። ከካምቢዮው ጉልበት ተቀብሎ ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ክሮቼራው፣ ጫፉ ላይ ያለው መስቀለኛ መገጣጠሚያ፣ ተበልቷል። የወንድሟ ልጅ ሁለት ቁራጭ ሆኖ መሃሉ ላይ በጥርስ የሚሰካካውን ዘንግ ከማላቀቁ በፊት የቱ ከየቱ እንደሚገጥም በጠመኔ ምልክት አደረገ። ደግ አደረገ። ከዚያ በቤንዚን ሙልጭ አድርጎ አጠበው፤ ጠመኔውንም አብሮ።

ክሮቼራውን ቀይሮ ዘንጉን በግምት ገጠመው። መኪናው ከአርባ ሲያልፍ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ አውርዶ መለሰው፤ ያው ነው። ሾፌሩ ተሰላችቶ፣ እስከ ከሰዓት ካልተስተካከለ አስጎትቶ ሌላ ጋራዥ እንደሚወስደው ተናገረ።

ሻለቃ ይህን ሁሉ ከመጋዘኑ መስኮት ታያለች። ነገሩ ገና ከጠዋቱ ገብቷታል። ለምን ይዋሻል፣ ትንሽ ደስም ብሏታል። ግን ከዚያ ጋራዥ መኪና ታሞ ሲወጣ ማየት አልቻለችም። ቱታዋን ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰች።

«አውርደው» አለችው።

«አክስቴ፣ ሦስቴ አወረድኩት እኮ።»

«አራተኛውን ከእኔ ጋር።»

ዘንጉን ወለሉ ላይ አጋደሙት። ባንደኛው ጫፍ ክሮቼራውን የሚይዙት ሁለት ጆሮዎች ለጥ ብለው ተኝተዋል፤ የወዲያኛው ጫፍ ጆሮዎች ግን ዘመም ብለዋል።

«አየህ? ሁለቱ ጫፎች ተኳርፈዋል። ተኳርፈው እንዴት አብረው ይዙሩ?»

መሃሉን አላቀቀች፣ ሁለት ጥርስ አዞረች፣ መልሳ ሰካችው። ሁለቱም ጫፍ እኩል ተኛ። ከዚያ መዶሻና ሹል ብረት አቀበለችው።

«ምታ። እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ትይዩው አንድ። ይሄን ቤንዚን አያጥበውም።»

እሱም መታ። ተጋግዘው ከመኪናው ገጠሙትና ሾፌሩ ይዞት ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል።

«ስልሳ ገባሁ፣ ምንም የለም። ማነው የሠራው?»

«እሷ ናት» አለ የወንድሟ ልጅ። ቀጥሎ እጁን ዘረጋላት። «የመጋዘኑን ቁልፍ መልሺልኝ።»

ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ጉልበትሽስ ግን?» አላት።

«እሱ የሚያመኝ ቁጭ ስል ነው» አለችና ወደሚቀጥለው መኪና ሄደች።