ሹፌሩ ኬክ የጋገረ ቀን

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እንቁላል እንኳ ቀቅሎ የማያውቅ ባል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሽርጥ ታጥቆ «ዛሬ እራት የኔ ነው፤ አንቺ ቁጭ በይ» ቢላት ዝም ብላ የምታምን ሚስት ትኖር ይሆናል። የኛዋ ግን እንደዚያ ዓይነት ሴት አይደለችም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

እውነቱን ለመናገር ሰው ማመን ሥራዋም አልፈቀደላትም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ መርማሪ ነበረች። ከሥሩ መብራት በበራ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ የተበጠሰ ድር፣ የተዘለለ ማግ፣ ጥፍር የማታክል የዘይት ጠብታ ስትፈልግ ኖራለች። ባልደረቦቿ «ማጉያ» ይሏት ነበር። ስሙም ተከትሏት እቤት ገባ። ቲማቲም ሲመዘንላት የምታየው ሚዛኑን ሳይሆን የሻጩን ጣት ነው። ልጇን ለጋብቻ የጠየቀውን ጎረምሳ ሦስት ጊዜ ሻይ ጋብዛ ሦስቴም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀችው፤ መልሱ ይለዋወጥ እንደሆነ ለማየት። አልተለዋወጠም። ያ ደግሞ ይበልጥ አሳሰባት።

ይህች ሁሉን የምትመረምር ሴት ራሷ የደበቀችው ነገር ነበራት። ከፋብሪካው የወጣችው ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው «ጉልበቴን አሞኛል» ብላ ነው። ጉልበቷ ደህና ነው። ያመማት ዓይኗ ነበር። ፊት ለፊቷ ያለውን ክር አጥርታ ታያለች፤ በስተግራዋ ያለው ግን ጨለማ እንኳ ሳይሆን ዝም ብሎ የለም። አንድ ቀን ግራ ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበላሸ የጨርቅ ጥቅል «ደህና ነው» ብላ ማኅተም መታችበት። አለቃዋ ጥቅሉን ዘርግቶ ሲያሳያት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በማግስቱ መልቀቂያ ጻፈች። ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ለባሏም አልተነፈሰችም። ዓይናቸው የጠፋውን እናቷን በመጨረሻ ዘመናቸው ከክፍል ክፍል በእጅ ስትመራ የኖረችው እሷ ናት። ያኔ ፊታቸው ላይ ታየው የነበረውን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

እንዲህ ሆና ሳለ ነው ባሏ ማክሰኞ ማክሰኞ መጥፋት የጀመረው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። «ከጓደኞቼ ጋር ካርታ እንጫወታለን» ይላታል። ይኸው ሦስት ወሩ። ሲመለስ ኮቱ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል፤ ካርታ ደግሞ ቫኒላ አይሸትም። አንድ ማክሰኞ የኮቱ ክርን ላይ ነጭ ብናኝ አገኘች። በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ «የፊት ፓውደር» ብላ ፈረደች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ሲያንሾካሹክ ጆሮዋ ጥልቅ አለ፦ «ማክሰኞ እመጣለሁ። እሷ ምንም አታውቅም።»

ሌላ ሴት ይዟል አለች በልቧ። ሴትየዋን በሐሳቧ ስላ ጨርሳታለች፤ ቫኒላ የምትቀባ፣ ፓውደር የምትነሰነስ፣ ከሁሉ በላይ ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና የሆኑ ሴት። በእርጅናዬ ልትጥለኝ ነው ብላ ልትጮህበት ይዳዳትና ማስረጃ ሳልይዝ አልናገርም ብላ ትተወዋለች። የዛሬውን እራት ያየችውም በዚሁ ዓይን ነው። ጥፋተኛ ወንድ ስጦታ ያበዛል ሲባል ሰምታለች። ይኼኛው ደግሞ ጭራሽ ሊጥ ያቦካል!

ዱቄቱን ጠረጴዛው ላይ ከመረ፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጎ እንቁላል አፈረጠበት፣ አሸው፤ ከዚያ በጎድጓዳ ሳህን ከደነው።

«ለምን ከደንከው?»

«ይረፍ ብዬ።»

«ማነው የደከመው?»

«ሊጡ ነዋ።»

ካረፈም በኋላ በመዳመጫ ስስ አድርጎ ዳመጠው፣ ጠቀለለው፣ በቢላዋ እኩል እኩል ቆራረጠው። ሲፈታው ረዣዥም ፓስታ ሆነ። እንዲህ ያለ እጅ በአንድ ቀን እንደማይገኝ ታውቃለች።

«ማን አስተማረህ?»

«ቴሌቪዥን።»

«ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ሁለት ወሩ ነው።»

«ሳይበላሽ በፊት ነው» አለና ፊቱን ወደ ካሮቱ መለሰ።

ካሮቱን፣ ዙኪኒውንና ቀዩን ቃሪያ በነጭ ሽንኩርት አቁላላ፤ ቲማቲም ጨመረበት። ፓስታውን ከማጥለሉ በፊት ከፈላው ውኃ አንድ ሲኒ ቀድቶ አስቀረ። «ስጎውን ያያይዘዋል» አላት። ይህ ቃል የሱ አይደለም፤ የሆነ ሰው አፍ ውስጥ የነበረ ቃል ነው። ጠዋት እሷ ገበያ ሄዳ ሳለ የጋገረውን ኬክ ደግሞ ከልብስ ስፌት ሣጥኗ ክር አውጥቶ፣ ዙሪያውን ጠምጥሞ ሁለቴ ሲስበው ለሦስት ተከፈለ። በየንብርብሩ መሃል ክሬም፣ ማንጎና አናናስ አስገባ። በገዛ ክሯ! በክር ኬክ የሚቆርጥ ካርታ ተጫዋች የት አገር ነው ያለው?

ከዚህ ሁሉ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ወደ ምድጃው ጠጋ ባለች ቁጥር በግራዋ በኩል መጥቶ ይገተራል። የመጥበሻውን እጀታ ወደ ግድግዳው አዞረው። በግራ በኩል ያለውን መሳቢያ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው።

«ምንድነው የምትደብቀኝ?»

«ምንም። ግሏል፣ እንዳያቃጥልሽ ነው።»

አመሻሹ ላይ ለእራት ተቀመጡ። ፓስታው አልላቆጠም፣ አልጠነከረምም፤ አትክልቱ ቀለሙን አልለቀቀም። እንከን ፈልጋ አጣች፤ በጎረሰች ቁጥር ንዴቷ ጨመረ። ከዚያ ኬኩን አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«እሺ ማጉያ፣ መርምሪ» አላት።

መረመረች። «ክሬሙ አልፈሰሰም። ከላይ ያለው እንጆሪ በመስመር ተደርድሯል፤ አንድም አልተንጋደደም» አለችና ምርር ብሏት ጨመረች፦ «ምንም አይወጣለትም።»

ሹፌሩ ደስ ይለዋል ብላ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ፊቱ ጥቁር አለ። ይሄ የበደለኛ ፊት ነው ብላ ደመደመች።

«በል አሁን ንገረኝ። ማናት?»

«ማን?»

«የማክሰኞዋ! ቫኒላዋን አሽትቻለሁ፣ ፓውደሯንም በጣቴ ይዣለሁ። እጅ ከፍንጅ ነው የያዝኩህ!»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቅ አፈነው። «የማክሰኞዋማ ጢም አላት» አላት። «ዳቦ ቤትም አላት። ንጋት ላይ በመጀመሪያው አውቶቡስ የማመላልሰው የነበረውን ኬክ ጋጋሪ አታስታውሺም? እሱ ነው ያስተማረኝ። ፓውደር ያልሽው ዱቄት ነው።»

«እና ይሄ ምን ያስደብቃል?»

እጁን ዘርግቶ የኬኩን ሳህን ቀስ አድርጎ አዞረው። ከግራዋ በኩል የነበረው ግማሽ ፊት ለፊቷ መጣ። ነጭ ክሬም ብቻ ነው። አንዲት እንጆሪ የለችበትም።

«እንጆሪው አለቀብኝ» አላት። «ለፈተና ብዬ አይደለም፣ በእውነት አለቀብኝ። ምን ዓይነት ኬክ ነው ብለሽ እስክትሰድቢኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

ባዶውን ክሬም አተኩራ አየችው። ያ የጨርቅ ጥቅል ትዝ አላት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«በግራሽ የነበረው ወተት ያቃጠለሽ ጊዜ። ‹እንፋሎት ነው› አልሽኝ። ከዚያ በኋላ ግራ ክንድሽን አየሁት፤ በየሳምንቱ የበሩ መቃን ያበልዘዋል። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ነው የኖርኩት፤ በአንድ ጎኑ የማያይ ሰው አይጠፋኝም።»

«ታዲያ አትናገርም ነበር?»

«ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። ቢያንስ ከእሳቱ እንድትርቂ ምግብ ልማር አልኩ።»

አለቀሰች። ያስለቀሳት ዓይኗ አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ክር መዝዛ ስትመረምር፣ የምትፈልገው ሌባ እሷው ራሷ ሆና መገኘቷ ነው። ሹፌሩ ወንበሩን አንሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና በግራዋ በኩል ተቀመጠ።

«እዚያ ምን ታደርጋለህ?» አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች።

«የግራ መስታወት ነኝ።»

«መስታወት አያወራም።»

ዝም አለ። እሷም ካልተነካው ባዶ ግማሽ ለሁለቱም ቆረሰች። በልተው ሲጨርሱ «ሰኞ ሐኪም ቤት ትወስደኛለህ» አለችው። «ግን በእጄ እንዳትመራኝ።»

«አልመራሽም።»

ሳህኖቹን በቀኝ እጇ ይዛ ተነሣች፣ ወደ ወጥ ቤቱም አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መቃኑ እዚያ እንዳለ ታውቃለች፣ አታየውም እንጂ። ከኋላዋ ምንም ድምፅ አልሰማችም፤ እንደታዘዘው ዝም ብሏል። ግራ እጇን ወደማታየው በኩል ዘረጋች። እጁ እዚያው ነበር።