የሐረገወይን የዕጣን ማጨሻ

ሐረገወይን ፈረንጅ አገር፣ ኬንቲሽ ታውን፣ ካውንስል ፍላት በሚሉት የመንግሥት ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቢሮ ስታጸዳ ኖራ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች፤ ወዲያው የሸክላ ሥራ ኮርስ ገባች።

«በስተርጅና ሸክላ ሠሪ!» ብለን የማኅበር ጓደኞቿ ሳቅንባት። እኔም ስቄያለሁ።

አስተማሪያቸው አንድ ቀን ሙዚየም ወሰዳቸው። እዚያ የጥንት ግሪኮች ዕጣን ያጨሱባቸው የነበሩ ሸክላዎች አየች። አንደኛው የሴት ራስ ነው። ከፀጉሯ በላይ አበባ ፈክቷል፤ ፍሙና ዕጣኑ የሚቀመጠው አበባው ውስጥ ነው። ቀለሙ ለቆ፣ ሮዝና ሰማያዊ እዚህም እዚያም ቀርቶበታል።

ሐረገወይን ያንን አስመስላ ሠራች። ፊቱን ግን የራሷን አደረገችው፤ ሰፊውን አፍንጫ፣ የግንባሯን መስመር፣ የአገጯን ጠባሳ ሳይቀር። አበባውን ደማቅ ሮዝና ሰማያዊ ቀባችው።

የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ማጨሻዋን ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠች። የጭስ አላርሙ እንዳይጮህ መስኮቱን ከፍታ ፍም ጨመረችበት።

ማኅበራችንን የምትመራው ሮማንወርቅ ገና ስትገባ ደነገጠች።

«የተቀረጸ ምስል! ቄሱ ሳይመጡ ወደ ጓዳ አስገቢው።»

«ለምን?»

«ጣዖት ነዋ!»

«እስቲ አፍንጫውን እይው። እኔን ማን ያመልከኛል?»

«ይባስ! ለራስሽ ልታጥኚ ነው?»

«ብታጠንስ? ዕድሜ ልኬን በረኪና ስምግ ኖሬያለሁ።»

«ካላነሣሽው ማኅበሩ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይረግጥም!» ብላ ሮማንወርቅ ነጠላዋን አውልቃ ልትሸፍነው ቃጣች።

«እሳት ላይ? ቤቴን ልታቃጥዪ ነው?» ሐረገወይን እጇን ያዘቻት። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ።

ቄሱ ገቡ። ጭሱን አዩና ዓይናቸው ወደ ሸክላው ወረደ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ አባታችን።»

አንዴ እሷን፣ አንዴ ሸክላውን ተመለከቱ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም።

«ሥዕል ቢሆን ደግ ነበር። ጸሎት እስክናደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሪያት፣ ልጄ።»

ሁላችንም አቀረቀርን። ከማኅበሩ ሌላ ቤቷን የሚያንኳኳ እንደሌለ እናውቃለን።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እነዚያ ቢሮዎች ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስወለውል ፊቴን ያየ ሰው አልነበረም። አሁን በገዛ ቤቴ ወደ ግድግዳ አላዞረውም።»

ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ ራሳቸው ዞሩ። ጀርባቸውን ለማጨሻዋ ሰጥተው «በስመ አብ» ብለው ጀመሩ።

ሮማንወርቅ ነጠላዋን መልሳ ለበሰች። ሐረገወይን ቆንጠር አድርጋ ዕጣን ጨመረች።